ካንቼንጁንጋን በእግር መዞር፦ ከፈቃዱ እስከ መመለሻው

ኔፓል ሲባል ቀድመው የሚታወሱት ኤቨረስትና አናፑርና ናቸው። እዚያ መንገዱ የተረገጠ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ሻይ ቤት፣ በየመንደሩ ኢንተርኔት ይገኛል። በአገሪቱ ምሥራቃዊ ጥግ፣ ከህንዷ ሲኪም ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ የቆመው ካንቼንጁንጋ ግን በ8,586 ሜትር ከዓለም ሦስተኛ ሆኖ ሳለ የሚሄድበት ሰው ጥቂት ነው። የሚያርቀው መንገዱ ነው። ከካትማንዱ ተነስቶ የእግር ጉዞው ሳይጀመር ሦስት ቀን ያልቃል።

እዚህ የምንገልጸው ሰሜኑን የተራራ ሥር ሰፈር ፓንግፔማን (5,143 ሜትር) እና የደቡቡን መመልከቻ ኦክታንግን (4,730 ሜትር ገደማ) በአንድ ዙር የሚያገናኘውን ጉዞ ነው። ገመድም የበረዶ መጥረቢያም አያሻውም። የሚያሻው ቀን ነው፤ ሦስት የመጠባበቂያ ቀን ጨምሮ 24። በኤጀንሲ ማስታወቂያ ላይ በ17 ወይም በ18 ቀን ተጨምቆ ብታገኙት የትኞቹ ቀናት እንደተቀነሱ ቁጠሩ። ሁልጊዜ የማረፊያዎቹ ናቸው። ሰው የሚታመመውም እነሱ በተቀነሱበት ቦታ ነው።

ወቅቱን መምረጥ

የምሥራቅ ኔፓል ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፦ ከሰኔ እስከ መስከረም። በዚያ ጊዜ መንገዱ ናዳ፣ ጫካው አልቅት ነው። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ግን የሚቆረጥም ብርድ። ሁለተኛው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው ነው፤ የአበባ ጫካው ያኔ ይፈካል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ደመና ይጭናል፣ ከፍ ሲሉም ያለፈው ክረምት በረዶ ያልቀለጠበት ቦታ አይጠፋም። ታኅሣሥ ሲገባ የላይኞቹ ማረፊያዎች ባለቤቶች በራቸውን ዘግተው ወደ ታች ይወርዳሉ።

ጥቅምትም ቢሆን አንድ አደጋ አለበት። ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚነሣ አውሎ ነፋስ በሁለት ቀን ውስጥ ወገብ የሚደርስ በረዶ ሊያወርድ ይችላል። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ሁድሁድ የተባለው አውሎ ነፋስ በአናፑርና አካባቢ ከ40 በላይ ሰዎች ገድሏል። ካንቼንጁንጋ ለዚያ ባሕር ይበልጥ የቀረበ ነው። ስለዚህ የእግር ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ከምታድሩባት ከተማ ከታፕሌጁንግ ከመነሣታችሁ በፊት የአንድ ሳምንቱን ትንበያ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ዳሻይን የሚባለው የኔፓሎች ትልቁ በዓልም በመስከረምና በጥቅምት መካከል ይውላል። ያን ሰሞን የጂፕም የአውሮፕላንም ወንበር ቀድሞ ስለሚያልቅ ትኬቱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ወረቀቱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ኔፓል ለአብዛኞቹ አገሮች ዜጎች ኤርፖርት ላይ ቪዛ ብትሰጥም ኢትዮጵያውያንን ከዚህ አውጥታለች። ቪዛው ከመነሣታችሁ በፊት ከኔፓል ኤምባሲ መገኘት አለበት፤ ለዚህ ቢያንስ ሁለት ወር ያዙ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ ካትማንዱ ስትደርሱ ታገኛላችሁ፤ የ30 ቀኑ 50 ዶላር፣ የ90 ቀኑ 125 ዶላር ነው። ለ24 ቀን ጉዞ የ30 ቀኑ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ካትማንዱ የምታሳልፏቸውና መንገድ የሚበላቸው ቀናት ሲጨመሩ ይጠብባል፤ የ90 ቀኑን ውሰዱ።

ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያኑር። በተለይ በህንድ በኩል የምታልፉ ከሆነ ቀልድ የለም፤ ካርድ የሌለውን ለይተው ያቆያሉ። በደልሂ ስታልፉ ሁለቱ ትኬቶች የተለያዩ ከሆኑ ሻንጣ ለመቀበል ብቻ የህንድ ቪዛ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። አንድ ትኬት ቆርጣችሁ ሻንጣው በቀጥታ ካትማንዱ እንዲገባ አድርጉ። ከዱባይ ወይም ከዶሃ የሚነሣ ሰው ቀጥታ በረራ ስላለው ይህ አይመለከተውም።

አካባቢው ያለ ልዩ ፈቃድ የማይገባበት ነው። የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የተከለለ አካባቢ ፈቃድ ሲሆን ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በሳምንት 20 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት 25 ዶላር ሲከፈልበት ቆይቷል። ሁለተኛው 2,000 የኔፓል ሩፒ የሚከፈልበት የካንቼንጁንጋ ጥብቅ ሥፍራ መግቢያ ነው። ሁለቱንም የሚያወጣላችሁ የተመዘገበ የጉዞ ኤጀንሲ ነው፤ አስጎብኚም ግዴታ ነው። በአንድ ፈቃድ ቢያንስ ሁለት ተጓዥ የሚጠይቅ ደንብ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል፤ ደንቡም ዋጋውም ስለሚለዋወጥ ብቻችሁን ከሆናችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ኤጀንሲውን በጽሑፍ ጠይቁ። ለማመልከቻው ዋናው ፓስፖርት ስለሚያስፈልግ ካትማንዱ ሁለት የሥራ ቀን መድቡ። ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው።

ፈቃዱ ላይ የሚጻፈውን ቀን በሳምንት ስታስቡ መጠባበቂያዎቹንም አስገቡ። ለ20 ዶላር ቁጠባ ብሎ ሦስት ሳምንት ያስጻፈ ሰው በመንገዱ ላይ ባለችው በጉንሳ መንደር በረዶ ሲይዘው ጤናውን ትቶ ቀኑን መቁጠር ይጀምራል።

ኤጀንሲውን ምን ትጠይቃላችሁ

ዋጋ ከመከራከር በፊት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። አስጎብኚው ሰሜኑን ከደቡቡ የሚያገናኘውን የተራራ በር፣ ሴሌ ላን፣ ስንት ጊዜ ተሻግሯል? ተሸካሚዎቹ ኢንሹራንስ፣ የብርድ ልብስና ጫማ አላቸው? የበረዶ ቀን ቢመጣ ተጨማሪው ቀን በምን ሂሳብ ይከፈላል? ለሦስተኛው ግልጽ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ፈልጉ። አስጎብኚው ለተጨማሪ ቀን የማይከፈለው ከሆነ አየሩ ሲከፋ ቶሎ መሄድን ይመርጣል፤ በእሱም አይፈረድም።

አንድ ተሸካሚ ለሁለት ተጓዥ የተለመደ ነው። ጭነቱ ከራሱ ዕቃ ጋር ከ25 ኪሎ እንዳይበልጥ አድርጉ። ይህ ማለት የእያንዳንዳችሁ ከረጢት 10 ኪሎ ገደማ ነው። ሲጠናቀቅ የሚሰጠውን ጉርሻ ከመነሻው በጀት ውስጥ አስገቡት።

የራሳችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ እስከ 6,000 ሜትር ከፍታና የሄሊኮፕተር ማውረድን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጡ። ብዙዎቹ 4,000 ላይ ያቆማሉ። ከዚህ አካባቢ በሄሊኮፕተር መውረድ ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ደመና ካለም አይመጣም።

ደገኛ መሆን ይረዳል?

አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ በቀጥታ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ከመጣው ይልቅ በቀላሉ ያልፋል። ጥቅሙ ግን 3,000 ሜትር አካባቢ ያልቃል። ፓንግፔማ ከራስ ዳሽን በ600 ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ካለው ግማሹን ብዙም አያልፍም። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ ቀን የሚዘል ሰው ከፓንግፔማ በፊት ባለው ማረፊያ፣ ሎናክ ላይ፣ ራስ ምታቱን ሲደብቅ ታገኙታላችሁ።

ለልምምድ ግን አገራችን ጥሩ ቦታ አላት። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ተሸክሞ እንጦጦን መውጣትና መውረድ፤ ከዚያ በስሜን ተራሮች ከሳንቃ በር በግጭ እስከ ጨነቅ ተጉዞ ቧሂትን (4,430 ሜትር) መውጣት። መውጣቱ ሳንባ ይፈትናል፣ ጉልበት የሚጨርሰው ግን መውረዱ ነው። በዙሩ መጨረሻ ከጼራም እስከ ያምፉዲን ባለው ቁልቁለት የሚያነክሱት መውረድን ያልተለማመዱ ናቸው።

ዕቃው

አዲስ ጫማ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር የተሄደበት ይሁን። የመኝታ ከረጢቱ እስከ −15 ዲግሪ የሚያስተኛ ይሁን፤ ሎናክ ላይ በኅዳር ሌሊት ከዚያ በታች ሊወርድ ስለሚችል ካልሲና ኮፍያ ለብሳችሁ ግቡ። የላባ ጃኬት፣ ዝናብ የማያስገባ ላይና ታች፣ ሁለት ምርኩዝ፣ የግንባር መብራት፣ የበረዶ መነጽር፣ ጫማ ላይ የሚጠለቅ የብረት ጥርስ ያስፈልጋሉ። የመጨረሻው ለተራራ በሮቹ ነው።

በክር ቱቦ የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ አንድ ጊዜ ከቀዘቀዘ ውስጡ ይሰነጠቃል። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ጀርሙን ግን ያሳልፋል። ሌሊት የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደር። መጠባበቂያ አኳታብ (ውሃ የሚያክም እንክብል) ያዙ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት ይልቅ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ባትሪና ስልክም ከእናንተ ጋር ይተኛሉ።

ገንዘብ ሩፒ ይሁን፣ በትናንሽ ኖት። ከታፕሌጁንግ ወዲያ ባንክ የለም፤ ጉንሳ ላይ የ1,000 ሩፒ ኖት መዘርዘር ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ምግቡ ምስርና ሩዝ ነው፤ ዳል ባት ይሉታል። ሲያልቅ ይጨምሩላችኋል፣ ከሁሉም የተሻለው ምርጫም እሱ ነው። ጾመኛ «ያለ ቅቤ» ብሎ አስቀድሞ ይንገር፤ ጉዞው ከኅዳር 15 ካለፈ ይህ አይቀርም። በሶ የሚወድ ሰው ደግሞ ቤቱ የመጣ ያህል ነው። የላይኞቹ መንደሮች የቲቤት ሥር ያላቸው ሰዎች ጻምፓ ብለው የሚበሉት የተቆላ የገብስ ዱቄት እኛው በሶ የምንለው ነው፤ እነሱ በቅቤና ጨው ሻይ ያሹታል። ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ በሶ ከአገር ብትይዙ ለ20 ቀን በቀን 100 ግራም ይደርሳል፤ በር በምትሻገሩበት ቀን ምሳ ይሆናል።

ቆላው ላይ የአካባቢው ነዋሪዎች ሊምቡዎች ቶንግባ ያቀርቡላችኋል፦ የተብላላ ዳጉሳ በእንጨት ዋንጫ፣ ፈላ ውሃ እየተጨመረበት በቀሰም የሚጠጣ። ዳጉሳው የእኛው ዳጉሳ ነው። ቅመሱት፤ ግን ከጉንሳ በታች ወይም ስትመለሱ። ከፍታ ላይ አልኮል እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽን ያዳክማል።

መንገዱ በቀን በቀን

ከፍታዎቹ ከካርታ ካርታ እስከ 150 ሜትር ይለያያሉ። የእናንተን ሰዓት ወይም ስልክ ካመናችሁ በአንዱ ብቻ ለኩ።

1. ከካትማንዱ ወደ ባድራፑር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በጂፕ ወደ ኢላም፤ የሻይ እርሻ አገር ነው።

2. ኢላም – ታፕሌጁንግ (1,820 ሜትር) በጂፕ። ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያዞረው ሰው መድኃኒቱን ይዋጥ።

3. በጂፕ ወደ ሴካቱም (1,650 ሜትር ገደማ)። የጂፕ መንገዱ በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ በየክረምቱ ደግሞ ይቆረጣል፤ እስከ የት እንደሚሠራ ታፕሌጁንግ ላይ ጠይቁ። ቀን ቢያተርፍላችሁ ትርፉን ለማረፊያ አስቀምጡት።

4. ሴካቱም – አምጂሎሳ (2,400 ሜትር ገደማ)። ከ5 እስከ 6 ሰዓት። አጭር ግን ቀጥ ያለ ሽቅብ፤ ጠዋት ውጡት፣ ሙቀቱ ይበረታል።

5. አምጂሎሳ – ግያብላ (2,730)። ጫካ፣ ፏፏቴ፣ የሚያንሸራትት ድንጋይ።

6. ግያብላ – ጉንሳ (ከ3,400 እስከ 3,600)።

7. ጉንሳ ዕረፍት።

8. ጉንሳ – ካምባቼን (4,100 ገደማ)።

9. ካምባቼን ዕረፍት። ወደ ጃኑ (7,710 ሜትር) ሥር ወይም ከመንደሩ በላይ ወዳለው ሸንተረር ሁለት ሰዓት ወጥታችሁ ውረዱ።

10. ካምባቼን – ሎናክ (4,780)።

11. ሎናክ ዕረፍት።

12. ሎናክ – ፓንግፔማ – ሎናክ። ሄዶ መመለሱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። ፓንግፔማ ማደር አያስፈልግም፤ እንቅልፉም አይገኝም።

13. ሎናክ – ጉንሳ። ረጅም ቀን፣ ግን ቁልቁል።

14. ጉንሳ – ሴሌ ላ ሥር (4,290)።

15. በሮቹን ተሻግሮ ጼራም (3,870)።

16. ጼራም – ራምቼ (4,580)።

17. ራምቼ – ኦክታንግ – ጼራም።

18. ጼራም – ቶርቶንግ (3,000 ገደማ)።

19. ቶርቶንግ – ያምፉዲን (2,080)። ቁልቁል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መካከሉ ላይ ወደ 3,400 ሜትር ገደማ መልሶ ያወጣል፣ ናዳ የበላው ዳገትም አለ።

20 እና 21. በጂፕና በአውሮፕላን ወደ ካትማንዱ።

የቀሩት ሦስት ቀናት መጠባበቂያ ናቸው።

ለምን ሦስት ዕረፍት? ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው ደንቡ። ይህ ሸለቆ ግን መንደሮቹን ለዚህ ደንብ አላስቀመጠም። ከግያብላ ወደ ጉንሳ፣ ከጉንሳ ወደ ካምባቼን፣ ከካምባቼን ወደ ሎናክ ሦስቱም ዝላዮች 500 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚታደርበት ቦታም ብዙ የለም። ስለዚህ ዝላዩን ማሳጠር ካልተቻለ ከዝላዩ በኋላ ሁለት ሌሊት ማደር ነው መፍትሔው። ዕረፍት ማለት መተኛት አይደለም፤ ከ300 እስከ 400 ሜትር ወጥቶ መመለስ ነው።

ሁለቱ አደገኛ ቦታዎች

የመጀመሪያው ከካምባቼን በፊት ያለው የናዳ ዳገት ነው። ድንጋዩን የያዘው ሌሊት የቀዘቀዘው ውሃ ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ይለቃል። ከጉንሳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሡና ቦታውን ከረፋዱ በፊት እለፉት። አንድ በአንድ፣ ርቀት ጠብቃችሁ፣ ፎቶ ሳታነሡ። ከላይ የሚመለከት አንድ ሰው ከዳር ይቁም፤ ድንጋይ ከተንቀሳቀሰ ይጩህ። ዝናብ ከጣለ በማግሥቱም ጠብቁ።

ሁለተኛው የ15ኛው ቀን ነው። «ላ» በቲቤትኛ የተራራ በር ነው፤ እኛ ሳንቃ በር እንደምንለው። ከሴሌ ላ ተነሥታችሁ ሚርጊን ላንና ሲነላፕቼ ላን ጨምሮ በርካታ በሮችን በተከታታይ ታልፋላችሁ፤ ሁሉም ከ4,400 እስከ 4,800 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ ምሳ የሚገኝበት ቤት ላይ አትመኑ። ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፣ በሶ ወይም ብስኩት፣ የሁሉም ሰው የብርድ ልብስ በጀርባ ላይ እንጂ ከተሸካሚው ጋር አይሁን፤ እሱ ከፊት ወይም ከኋላ ሊርቅ ይችላል። ጭጋግ የሚገባው ከእኩለ ቀን በኋላ ስለሆነ ሳይነጋ ውጡ።

ውሳኔው የሚሰጠው ግን ጉንሳ ላይ ነው፤ በሮቹ ላይ አይደለም። ከጉልበት በላይ አዲስ በረዶ ከጣለ ወይም ሰማዩ ከዘጋ አንድ ቀን ጠብቁ። ሁለተኛም ቀን ካልከፈተ በመጣችሁበት ሸለቆ ወደ ሴካቱም ውረዱ። ኦክታንግ ይቀርባችኋል፤ ፓንግፔማን አይታችኋል። ላፕሳንግ ላ የሚባለውን ከ5,000 ሜትር በላይ ያለ አቋራጭ ድንኳንና የበረዶ መሣሪያ ለሌለው ሰው አንመክርም።

የከፍታ ሕመም

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ሲመጣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት፤ ከፍታው ነው። እዚያው እደሩ፣ አትውጡ። በማግሥቱ ካልተሻለ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ውረዱ።

ሁለት ምልክቶች ግን ሌሊትም ቢሆን ያስወርዳሉ። አንዱ ቁጭ ባሉበት የሚያጥር ትንፋሽና እርጥብ ሳል ነው፤ ሳንባ ውሃ እየያዘ ነው። ሁለተኛው መንገዳገድ ነው። ሰውየውን ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ ቀጥ ባለ መስመር አሥር እርምጃ አስኪዱት፤ ካልቻለ አንጎሉ እያበጠ ነው። ብቻውን አይውረድ፤ «ደህና ነኝ» ቢልም አትስሙት፣ ሕመሙ ራሱ ማመዛዘኛውን ይወስዳል።

ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም አነጋግራችሁ ሦስት መድኃኒት ያዙ። አሴታዞላማይድ ለመከላከያ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከፍ ማለት ከመጀመሩ አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል፤ ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ዴክሳሜታዞን ለአንጎል እብጠት፣ መጀመሪያ 8 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየስድስት ሰዓቱ 4። ኒፌዲፒን፣ ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት፣ ለሳንባው፣ 30 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ። የኋለኞቹ ሁለቱ እየወረዱ የሚወሰዱ ናቸው፤ ውጦ እዚያው ለመተኛት አይደሉም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በቀዝቃዛ ጣት ስለሚሳሳት ቁጥሩን ትታችሁ ሰውየውን እዩ።

መመለሻው

ከያምፉዲን ወደ ታች ያለው የጂፕ መንገድ ከዝናብ በኋላ ለቀናት ሊዘጋ ይችላል፤ ከተዘጋ እስከሚቀጥለው የመኪና ጫፍ በእግር ነው። ከባድራፑር የሚነሣው በረራም በጭጋግ ምክንያት ይዘገያል ወይም ይሰረዛል። ስለዚህ ከሦስቱ መጠባበቂያ ቀናት ቢያንስ አንዱ ሳይነካ ካትማንዱ ይድረስ። ወደ አገር የሚመልሳችሁን ዓለም አቀፍ ትኬት ከባድራፑር በረራ በማግሥቱ አትቁረጡ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ይሁን። በረራው ከቀረ ከባድራፑር አጠገብ ካለችው ቢርታሞድ ወደ ካትማንዱ የሌሊት አውቶቡስ አለ፤ ሙሉ ሌሊት ይፈጃል፤ ላባ ጃኬታችሁን ከላይ አስቀሩት፣ አየር ማቀዝቀዣው ከሎናክ አይተናነስም።